የሃዋ ሳህን

የእርዳታ ሠራተኛ ከመጠለያ ጣቢያ ሲመለስ ሐዘኑ ከነትዝታው ወደ አለቃው ይዛወራል፤ ደንቡ ነው። የቢሮ ኃላፊዋ ስንዱም ያን ምሽት እራት ስታቀርብ አንድ ትንሽ ሳህን ጨመረች።

«የማን ነው?» አለ ባሏ ደምሰው።

«የሃዋ። ዳቦው በወተት ካልራሰ አትበላም።» እንባዋ ቀደማት። «ሕፃኗ ትናንት ከጣቢያው በተመለሰችው ነርስ፣ በትርሲት፣ እቅፍ ውስጥ ነው የሞተችው።»

ብቻዋን ማልቀስ ቢከብዳት ለትርሲት ደወለች።

«እግዚአብሔር ይመስገን እትዬ፤ ዛሬ እንቅልፍ ጠግቤ ተነሣሁ» አለች ትርሲት እየሳቀች።

«ሃዋን ታስታውሻታለሽ?»

«የቷ ሃዋ?»

«ተይው የኔ ልጅ። እንኳን ተኛሽ።»

ስልኩን ዘጋች። ደምሰው እራቱን ትቶ ነጠላውን ዘቅዝቆ ለበሰና ለቅሶ እንደሚደርስ ሰው አጠገቧ ተቀመጠ።

«እስቲ ንገሪኝ» አላት፤ «ምን ዓይነት ልጅ ነበረች?»