የእግር ጉዞ በባጃጅ

«ውረዱ!» እላለሁ በድምፅ ማጉያው። «ጋሼ ወልደማርያም፣ ይውረዱ እንጂ! የእግር ጉዞ ነው የተባለው።»

ጋሼ ወልደማርያም የኮሚቴያችን ሰብሳቢ ናቸው። የባጃጁን የኋላ ወንበር ብቻቸውን ሞልተውታል። ካናቴራው ሆዳቸው ላይ ተወጥሮ፣ «ለሕፃናት ሆስፒታል እንራመድ» ከሚለው ጽሑፍ «እንራመድ» የሚለውን ቀበቷቸው ውጦታል።

«በሐሳብ አብሬሽ እየተራመድኩ ነው እኮ» ይሉኛል። «የሮቢት ፀሐይ ለሆስፒታል ነው ብትያት አትበርድልሽም። ካናቴራውን እንደሆነ ለብሻለሁ፣ ምን ቀረሽ?»

«እግርዎ ነዋ የቀረኝ!»

ዘወር ስል ከኋላቸው ሌላ ባጃጅ፣ ከዚያ ኋላም ሌላ። ስንነሳ አስፋልቱን ከዳር እስከ ዳር ሞልተነው ነበር፤ አሁን የባጃጅ ሠርግ መስለናል። ከየሆቴሉ የመጡት ሠራተኞች ተጣበው ተቀምጠው ከውስጥ ያጨበጭባሉ። በእግራችን የቀረነው ባነሩን የያዝነው እኔና ናጅዋ፣ ከኋላችን ደግሞ ከገጠር የመጡ እናቶች ነን። እናቶቹም ቢሆኑ ባጃጅ አጥተው እንጂ ጸንተው አይደለም።

ያንገበግበኛል። ይህን ቀን ለማምጣት የስንቱን ቢሮ ደጅ እንደጠናሁ እኔ ነኝ የማውቀው። ስታዲየሙ ውስጥ ከአዲስ አበባ የመጡ ሰዎች እየጠበቁን ነው፤ ሆስፒታሉን ላሠራ ያለው ድርጅት ሰዎች። ቃላቸው አጭር ነው፦ ከተማው በእግሩ ሲገባ በዓይናችን እንይና እንፈርማለን፤ ካላየን ለሌላ ከተማ እንሰጠዋለን። የእኛ ልጅ ሲጠናበት ጣርማ በርን ሽቅብ ወጥቶ ነው ሐኪም የሚያገኘው። ያንን ዳገት ያልጨረሱትን ሕፃናት ይህ ሁሉ ሰው በስም ያውቃቸዋል። ለቅሷቸው ላይ ንፍሮ ዘግኗል። አንዲት ቀን በእግርህ ሂድላቸው ሲባል ግን፣ ባጃጅ!

ናጅዋ ድምፅ ማጉያውን ከእጄ ትነጥቃለች። «ኧረ በአላህ፣ ናርዶስ! ሕዝቡን አትሳደቢ። ለስለስ አድርገሽ ንገሪያቸው።»

«ለስላሳ ከፈለጉ ሱቅ ይግቡ!»

ድንገት ከፊት ያለው ባጃጅ ይቆማል። ቀጥሎ ያለውም። ፊት ፊት ሙዚቃ እያሰማ ይመራን የነበረው መኪናም ጸጥ ይላል።

«ማነው አጥፋ ያለው?» ብዬ ወደ ፊት ስሮጥ፣ ከመንደር በሚወጣው የጠጠር መንገድ አንድ ሰው ብቅ ይላል። ነጭ ጨርቅ የለበሰች ትንሽ ሳጥን ደረቱ ላይ ታቅፏል። መስቀል የያዙ አንድ ቄስና ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ጥቂት ሴቶች ይከተሉታል። ሌላ ሰው የለም። ለጨቅላ ቀብር ጥሩምባ አይነፋም። አስፋልቱን ይዘው ወደ ቤተክርስቲያኑ ይታጠፋሉ፤ እኛ ወደመጣንበት፣ ለስታዲየሙ ጀርባቸውን ሰጥተው።

ጋሼ ወልደማርያም ይወርዳሉ። ማንም ሳይለምናቸው። ኮፍያቸውን አውልቀው ብብታቸው ሥር ይሸጉጣሉ። ከየባጃጁ ሰው ይፈስሳል። እናቶቹ ከካናቴራው በላይ የደረቡትን ነጠላ ያዘቀዝቃሉ። ከዚያ ያ ሁሉ ሕዝብ፣ አንድ ሰው እንዳዘዘው፣ ፊቱን አዙሮ ይከተላል።

«ወዴት ነው?» እጮሃለሁ። «ስታዲየሙ በዚህ ነው! ጋሼ ወልደማርያም፣ ሰዎቹ ይሄዱብናል እኮ! ጥቂት ሰው ቀብሩን ይሸኝ፣ እኛ እንቀጥል።»

«ቀብር አይተሽ ልታልፊ?» ድምፃቸው ዝቅ ብሏል። «ይኼን አልፎ የሄደን ሰው፣ እሱን ማን ይቀብረዋል?»

«ታዲያ ዕድሜ ልካችንን ልጅ ስንቀብር ልንኖር ነው? እሱን ለማስቀረት አይደል እንዴ የወጣነው?»

«ገብቶኛል፣ ልጄ። ሰውዬው ግን ብቻውን ነው።»

ይህን ብለው ሕዝቡን ተከትለው ይሄዳሉ። ባነሩን አንከርፍፌ መሐል አስፋልት ላይ እንደቆምኩ፣ ሴቶቹን ስታነጋግር የነበረችው ናጅዋ ተመልሳ ትመጣለች። ድምፅ ማጉያውን አዘቅዝቃ ነው የያዘችው።

«ሌሊት ወደ ሐኪም ይዘውት ሲወጡ ነው ያረፈው» ትለኛለች። «ጣርማ በር ዋሻው ውስጥ። ከዚያው መለሱት።»

ስልኬ ይጮሃል። አቶ ሚኪያስ ናቸው፣ የድርጅቱ ሰው።

«እህት፣ የት ደረሳችሁ? እዚህ ከእኛና ከድንኳኑ በቀር ምንም የለም። ሙቀቱንም አልቻልነውም፤ ልንነሳ ነው።»

«አልደረስንም» እላለሁ። እግሬ ከሕዝቡ ኋላ መሄድ እንደጀመረ ልብ የምለው ይሄኔ ነው። «ወደ እናንተም አይደለም የምንሄደው።»

«እንዴት? ፕሮግራም ተለወጠ?»

«ሕዝቡን በእግሩ ማየት አይደል የፈለጋችሁት? ኑና እዩት! የቤተክርስቲያኑን መንገድ ያገኛችሁትን ሰው ብትጠይቁ ያሳያችኋል። መኪናችሁን ግን እዚያው ተዉት። እኛ ጋ ቀብር በእግር ነው የሚሸኘው።»

«ማን ሞቶ ነው?»

አፌን እከፍታለሁ። ከጠዋት ጀምሮ ስለ ሕፃናት ስጮህ ነበር።

«ስሙን ገና አልጠየቅኩም» እላቸዋለሁ፤ ስልኩንም እዘጋለሁ።

ባነሩን ጠቅልዬ ለናጅዋ እሰጥና ሰውን በትከሻዬ እየገፋሁ ወደ ፊት አልፋለሁ። ፊት ላይ ወንዶቹ እንደ ደንቡ ሸክም ሊቀበሉ አባትየውን ከግራና ከቀኝ ከብበውታል። ጋሼ ወልደማርያም እጃቸውን ይዘረጋሉ፤ መልሰው ይሰበስቡታል። ሌላው ይሞክራል፤ እሱም እጁን ይመልሳል። የአባትየው ሁለት ክንዶች ሸፍነዋታል፤ ሳጥኗ ላይ ሌላ እጅ የሚያርፍበት ቦታ የለም።