የጆሮ መከላከያው

የሽማግሌውን አዳኝ ጆሮ ያደከመው የዕድሜ ልክ የጠመንጃ ጩኸት ነው። ልጁ የጆሮ መከላከያ ገዝታ ስትሰጠው «ለዳክዬ አደን ደግሞ!» ብሎ ስቆባት ነበር። ዛሬ ግን አጥልቆት ከሐይቁ ዳር ደንገል ውስጥ አደፈጠ።

ሲተኩስ ድምፁ ታፍኖ ድው ብቻ አለ። የገረመው ከዚያ በኋላ የሰማው ነው። ዕቃው በባትሪ የሚሠራ ኖሮ ኃይለኛውን ድምፅ እያፈነ ትንሹን ያጎላል። ከዓመታት በኋላ የውኃውን ጠብታ ሳይቀር ሰማና እንደ ልጅ ደስ አለው። ሊነግራቸው ዞር ከማለቱ በፊት፣ ከኋላው የተቀመጡት ጓደኛው ዘርጋውና የሚስቱ ወንድም ንጋቱ ሲያወሩ ጆሮው ገባ።

«እንዴት ደስ ብሎታል!» አለ ዘርጋው። «ለራሱ አልተነገረውም ማለት ነው?»

«እህቴ ሐኪሙን ለምና አስደበቀችው። እስከ ፋሲካ መድረሱን እንጃ ብለዋል። ይህቺን አደን እንኳ ይጥገብ ብለን ነው።»

«ቀስ በል፣ ይሰማሃል።»

«ኧረ እሱ! ድሮም አይሰማ፣ ዛሬ ደግሞ ደፍኖታል።»

ዳክዬዎቹ ከውኃው ግር ብለው ተነሡ። ንጋቱ ትከሻውን ነካ አድርጎ «ተኩስ እንጂ!» አለው።

ሽማግሌው ወደ ሁለቱ ዞረ።

«ምን አላችሁኝ?» ብሎ ጮኸ፣ እየሳቀ። «ጮክ በሉ፣ ምንም አይሰማኝም!»