ኳሷን በዳዴ የሚገባበት ቦታ ላይ ለምን ወረወራት?

ቡጢው የቨርን አፍንጫ ላይ ሲያርፍ የቡናው ስኒ ተገልብጦ እንቁላሉ ላይ ፈሰሰ...

ቨርን ከነወንበሩ ወደቀ።

የመታው ባዕድ አይደለም። የገዛ እህቱ ባል ሮይስ ነው።

«ድገማትና ጥርስህን አራግፍልሃለሁ!» አለው ከላዩ ቆሞ።

«እደግማታለሁ!» አለ ቨርን ደሙን በእጅጌው እየጠረገ። «ጥፋቱ የኮልቢ ብቻ አይደለም! ሁላችሁም ኳሷን ስታዩ ነበር። ከፊቱ ያሉትን ልጆች ማን አያቸው?»

ሮይስ በቦት ጫማው ጎኑን ረገጠው። ምግብ ቤቱ ውስጥ የነበሩት ተረባርበው ያዙት።

ከተማዋ ቴክሳስ ውስጥ በነዳጅ ጉድጓዶች መሃል ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ዓርብ ዓርብ ሱቅ ተዘግቶ፣ ሰው ሁሉ ወደ ትምህርት ቤቱ የአሜሪካን ፉትቦል ሜዳ ይተምማል፤ ያ ኳስ በእጅ ተይዞ የሚሮጥበትና የሚወረወርበት ጨዋታ ነው። ትናንት ልጆቹ ለስቴቱ ዋንጫ ደርሰው ነበር... ተሸነፉ።

ያውም እንዴት ያለ ሽንፈት!

ሰዓቱ ሊያልቅ ሴኮንዶች ቀርተዋል። የግቡ መስመር አፍንጫቸው ስር ነው። ቡድኑን የሚመራው ኳርተርባክ፣ ኮልቢ፣ ኳሷን ታቅፎ በግራ በኩል ሮጦ መግባት ይችል ነበር። በግራ በኩል የሮይስ ልጅ ትሬስ አለ፤ የሚመጣበትን ሁሉ በትከሻው እየገፋ መንገድ የሚከፍት ግንብ የሆነ ልጅ።

ኮልቢ ግን ወደ ቀኝ ወረወራት።

የተጋጣሚ ቡድን ልጅ ቀለባት። በቃ፣ ዋንጫው ሄደ።

«በዳዴ የሚገባበት ቦታ ላይ ይወረውራል?! ፈሪ! የልጄን ዋንጫ የበላው እሱ ነው!»

ሮይስ ከያዙት ሰዎች አምልጦ ወጣ። ከመኪናው የቤዝቦል ዱላ አነሳና ወደ ኮልቢ ቤት ሄደ... ማንም አልተከተለውም። እውነቱን እናውራ ከተባለ፣ በልባቸው «ይበለው» ያሉም ነበሩ።

የኮልቢ መኪና ደጃፍ ላይ ቆማለች።

መጀመሪያ የፊት መስታወቷን አደቀቀው። ከዚያ መብራቶቿን። ከዚያ በሩን። የኮልቢ እናት እየጮኸች ወጣች፤ ልጇ ወደ ኋላ ገፋ አድርጓት ከፊቷ ቆመ።

«አሰልጣኙ በትሬስ በኩል አስገባት አላለህም?»

«ብሎኛል ሚስተር ሮይስ።»

«ታዲያ ማን ቀይር አለህ?»

«ራሴ ነኝ የቀየርኩት።»

«ለምን?!»

ኮልቢ ዝም አለ...

ዝምታው ሮይስን አሳበደው። ዱላውን ፊቱ ላይ ሰነዘረ። ልጁ በቀኝ እጁ ሲመክት አጥንቱ ቋ ብሎ ተሰበረ። የሚወረውርባት እጁ ያቺ ናት።

ዱላው እንደገና ሲነሳ...

«አባዬ ተው!»

ትሬስ ነው። አጎቱ ቨርን ደውሎለት ነው የመጣው። ጎረቤት ከሆነው ቤታቸው እየተደናቀፈ ሮጦ ኮልቢ ላይ ተደረበ።

«እኔን ምታኝ! በእኔ ምክንያት ነው የወረወራት!»

«ምንድነው የምትለው?»

«ገና ከእረፍት በፊት ጭንቅላቴን ተመትቼ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሰው ሁሉ ሁለት ሁለት ሆኖ ነው የሚታየኝ። መጨረሻ ላይ መቆም አቅቶኝ ስንገዳገድ ኮልቢ ከኋላዬ አየኝ። ኳሷ በእኔ በኩል ብትመጣ ያ ሁሉ ግዙፍ የሚወድቀው እኔ ላይ ነበር። ለማንም እንዳትናገር ብዬ ያስማልኩትም እኔ ነኝ።»

«ለእኔ ለምን አልነገርከኝም የኔ ልጅ?»

«ነግሬሃለሁ እኮ! በእረፍት ሰዓት አጥሩ ጋ... ‹አባዬ ራሴን አዞረኝ› አልኩህ። ምን ነበር ያልከኝ?»

ሮይስ ያስታውሳል።

የገዛ አባቱ እሱን ሲያሳድግ ይለው የነበረውን ነው ለልጁ የደገመለት። «የእኛ ቤት ልጅ ከሜዳ በቃሬዛ እንጂ በእግሩ አይወጣም!» ብሎ፣ የልጁን ሄልሜት በጥፊ ጠፍጠፍ አድርጎ ነው ወደ ሜዳ መልሶ የላከው።

የተመታውን ጭንቅላት... በጥፊ።

ትሬስ ሌላ ቃል አልጨመረም። አስመለሰው፣ ዓይኑ ተገለበጠ፣ ሣሩ ላይ ተዘረረ።

ቅርብ ያለችው መኪና ያቺው ሮይስ የሰባበራት ናት። ሮይስ መስታወት ስብርባሪ ላይ ተቀምጦ፣ ነፋስ ፊቱን እየገረፈው ነዳት። ከኋላ ኮልቢ በደህና እጁ የትሬስን ጭንቅላት ደግፎ «አይዞህ ወንድሜ፣ እንዳትተኛ» ይለዋል።

ሆስፒታል እንደደረሱ ትሬስን ወደ ቀዶ ጥገና ክፍል አስገቡት። ሐኪሟ ስትወጣ ፊቷ ዝሏል።

«ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈስሶ ነበር። ይተርፋል። ግን ትናንት አንድ ምት ቢጨመርበት ኖሮ...» አለችና ተወችው።

ሸሪፉ ሲመጣ ሮይስ ሳይጠየቅ ሁለት እጁን ዘረጋ። ካቴናው እየገባለት፣ እጁ በጀሶ ወደታሸገው ኮልቢ ዞረ።

«እየመታሁህ እንኳ ለምን አልተናገርክም?» አለ እያለቀሰ።

«ምያለሁ እኮ ሚስተር ሮይስ።»

በዋስ እንደተፈታ ሮይስ ያው ምግብ ቤት ገባ። ክርክሩ አልበረደም። «ኮልቢ ነው!» «አሰልጣኙ ነው!»

«እኔ ነኝ» አለ ሮይስ። «ዋንጫችሁን የበላሁት እኔ ነኝ።»

አፍንጫው በፋሻ የታሸገው ቨርን ወንበር ሳበለት።

ወዳጆቼ... ኳሷን የያዘ ሰው ሁልጊዜ ይሰደባል፤ ዓይናችን እሷ ላይ ነዋ። አጠገቡ እየወደቀ ያለውን አናይም። ያ ልጅ አንድ ከተማ ሙሉ ቢሰድበው ይሻለኛል ብሎ ጓደኛውን አተረፈ። እጁ ዳግም ትወርውር አትወርውር ገና አልታወቀም... ለእኔ ግን ዋንጫው የእሱ ነው።

እስቲ ሳትዋሹ ንገሩኝ። ልጃችሁ «አመመኝ» ሲላችሁ ከአፋችሁ የሚቀድመው የትኛው ነው... «ቻለው፣ ወንድ አይደለህ?» ወይስ «ና፣ አጠገቤ ተቀመጥ»?

ኮሜንት ላይ እጠብቃችኋለሁ 👇