ተራራቁ

ሂልካ ባሏ ከሞተ ወዲህ ፒየሊነን ሐይቅ ላይ የዓሣ መረቧን የምታነሳው ብቻዋን ነው። ዛሬም ሐይቁ ላይ የረጋውን አዲስ በረዶ በብረት ዘንጓ ወግታ ለካችው፤ ውፍረቱ አራት ጣት ሆነ። አንድ ሰው ይሸከማል፤ ሁለት ሰው ከሆነ ግን ተራርቆ ነው የሚሄደው። በበረዶው ላይ ወደ መረቧ መንገዷን ስታጋምስ ጎረቤቷ ታውኖ ከዳር ሆኖ ጮኸ።

«ኧረ ሂልካ፣ ተራራቁ! እንደ ሙሽራ ተጣብቃችሁ ልትሰምጡ ነው?»

«አንተ ሰውዬ፣ በጠዋቱ ቀማመስክ እንዴ? ከማን ጋር ልጣበቅ? ብቻዬን ነኝ!» አለችና ሳቀች።

ታውኖ አልሳቀም። «ቀልዴን አይደለም! ቁሚ፤ እሱም ይቁም!»

ቆመች። ከኋላዋ በረዶው ሲጥ አለ። ዞር ብትል ማንም የለም፤ ከተረከዟ ኋላ ግን በረዶው ጎድጎድ ብሎ፣ ሁለት ትልልቅ የጫማ ዱካዎች ቀስ እያሉ ውሃ ይሞላሉ።