ነጭ መስመር ያለበት ብሎን

መኪናዋን በማንሻው ሽቅብ ሰቅዬ ከሥሯ ሳልገባ አባቴ ፍርዱን ሰጥቶ ጨርሷል።

«ዘይቱን የሚያፈሰው ከሞተሩ ኋላ ያለው የዘይት መከለያ ጎማ ነው» ይላል፣ በር ላይ ካለው በርጩማ ሳይነሳ፣ ካኪ የሚባል የደረቀ ፍሬ እያላመጠ። «ሠላሳ ዓመት ሲሮጥ የኖረ ሞተር ነው። አርጅቷል፣ በቃ። በከንቱ አትልፊ፣ ሚዮሪ።»

«አባዬ፣ አንተ ከፈረድክ እኔ እዚህ ምን እሠራለሁ?»

«ሻይ ታፈይልኛለሽ።»

ካንጂ ይባላል፣ ይሄ ሰውዬ። በናጋኖ ተራሮች ሥር ያለችውን ይህችን ጋራዥ ያቆማት እሱ ነው። ከአምና ወዲህ የምሠራባት እኔ ነኝ፤ መኪናዋ ግን አሁንም የእሱ ናት። ከፋብሪካ ስትወጣ ያልነበራትን፣ ለሞተሩ አየር የሚገፋ ትልቅ ቱርቦ የገጠመላት፣ ቧንቧዎቿን አንድ በአንድ በእጁ ያጠፈላት እሱ ነው። እናቴ በሕይወት ሳለች «ከእኔ ትንፋሽ ይልቅ የእሷን ለይተህ ታውቃለህ» እያለች ትተርበው ነበር።

ነገ በየሁለት ዓመቱ የሚደረግላት ምርመራ ነው፤ ዘይት የምታንጠባጥብ መኪና አያሳልፉም። ችግሩ የኋላው የዘይት ጎማ ከሆነ ሞተሩ መውረድ አለበት። አባቴ ደግሞ «እንደዚያ ከሆነ ታርጋዋን እመልሳለሁ፣ መንገድ አላወጣትም» ብሎ ምሏል። ሲምል ዓይኑ መሬት መሬቱን ያይ ነበር።

ዘይት አሳሳች ነው። ከላይ ያመልጥና፣ ነፋስ ወደ ኋላ እየገፋው፣ ከብረት ብረት እየተሳበ ሄዶ ሌላ ቦታ ይንጠባጠባል። «የሚንጠባጠብበትን አትመኚ፣ ሽቅብ ተከተይው» ብሎ ያስተማረኝ ራሱ ነው። ስለዚህ ጠዋት ሞተሩን አጥቤ አደረቅሁና የሕፃናት ፓውደር ነሰነስኩበት። ከዚያ አስነስቼ ሩብ ሰዓት ያህል ነዳጅ እየሰጠሁ አስጮህኩት። አሁን ዱቄት ላይ የተንከባለለ ይመስላል፤ ዘይቱ ያለፈበት ብቻ ጠቁሯል።

ባትሪዬን አብርቼ ጥቁሩን መንገድ እከተላለሁ። ከኋላው የዘይት ጎማ ጥግ ይነሳና እዚያው ያቆማል ስል አያቆምም። ሽቅብ ይወጣል። ከቱርቦው ሥር፣ ዘይቱ ወደ ሞተሩ የሚመለስባት ቧንቧ ጋ ሲደርስ ያበቃል። ቧንቧዋን የያዙት ሁለት ብሎኖች ናቸው፤ ጥቁሩ የሚጀምረው ከአንደኛው ነው።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ሞተር አይወርድም፣ ታርጋ አይመለስም፣ አንድ ብሎን ማጥበቅ ነው።

ግን ብሎኑ ላይ ነጭ መስመር አለ።

አባቴ ብሎን አጥብቆ ሲጨርስ ከብሎኑ ራስ እስከ ብረቱ ድረስ በቀለም ብዕር ቀጥ ያለ መስመር ያሰምራል። ብሎኑ ከላላ መስመሩ ይሰበራል፣ ማንም አይቶ ያውቃል። ከዚያ በጣቱ ይጠቁምና ጮክ ብሎ «ጠብቋል!» ይላል። እኔም ከልጅነቴ ጀምሮ ከጎኑ ቆሜ «ጠብቋል!» እያልኩ አስተጋባለሁ። እሱ ያሰመረበት ብሎን ላልቶ አይቼ አላውቅም።

ይህችን ቧንቧ ባለፈው ወር ብቻውን ፈትቶ መጋጠሚያዋ ላይ ዘይት የሚያግደውን ጋስኬት ቀይሯል። መስመሩ እንደ ጉንዳን መንገድ ተጠማዟል እንጂ አልተሰበረም። ብሎኑን በሁለት ጣቴ ስነካው ይንቀሳቀሳል። አልላላም ማለት ነው፤ መጀመሪያውኑ አልጠበቀም።

«የዘይት ጎማው ነው፣ አይደል?» ይላል አባቴ።

ድምፁ ውስጥ ተስፋ አለ። መኪናዋ እንድታረጅለት ይፈልጋል። እሷ ካላረጀች ያረጀው ማን እንደሆነ ያውቃል።

«ጋስኬት ነው» እላለሁ። «አርጅቶ ነው።»

በርጩማው ሲንቋቋ ይሰማኛል። «ጋስኬቱ ወር አልሞላውም፣ ሚዮሪ። ውሸት እንኳ በወግ አትችዪም።»

መጥቶ ከጎኔ ይቆማል። ባትሪውን ከእጄ ሲወስደው ብርሃኑ ይንቀጠቀጣል፤ በሁለት እጁ ይይዘዋል። መስመሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ በብርሃኑ ይከተለዋል።

«ጠብቆ ነበር የመሰለኝ» ይላል። «ባለኝ ኃይል ሁሉ ነው ያጠበቅኩት።»

«አውቃለሁ፣ አባዬ።»

«ጠብቋል ብዬም ጮኬ ነበር። የሚያስተጋባ ሰው አልነበረም እንጂ።»

ያን ቀን ዕቃ ልገዛ ከተማ ወርጄ ነበር። የብሎን ቁልፉን አነሳለሁ። ብሎኑ ሩብ ዙር ይዞራል፣ ከዚያ ትንሽ ይጨምራል፣ ከዚያ እምቢ ይላል። የአባቴ መስመር ለሁለት ይከፈላል። በጨርቅ ልጠርገው ስል እጄን ይይዘኛል።

«ተይው። የራስሽን ከጎኑ አስምሪ።»

ነጩን ብዕር ከደረት ኪሱ አውጥቶ ይሰጠኛል። ይህችን ብዕር ለእናቴ እንኳ አውሷት አያውቅም። ዓይኔ እንባ ስለሞላ የእኔም መስመር ተጣሟል።

«ታዲያ ከኔ በምን ተሻለ?» ይላል አባቴ፣ እየሳቀ።

ብዕሩን ልመልስለት ስዘረጋ ሁለት እጆቹን ከኋላው ያጣምራል። እኔም ብዕሩን ኪሴ ውስጥ እሰካና ብሎኑን በጣቴ እጠቁማለሁ።

«ጠብቋል!»

አባቴ ቀጥ ብሎ ይቆማል። የሚንቀጠቀጥ ጣቱን ከጣቴ አጠገብ ይዘረጋል።

«ጠብቋል!» ይላል፣ ጋራዡ እስኪያስተጋባ።