አምስት ደወል

ሳይረስ በላቦራቶሪው ምድር ቤት ውስጥ የባትሪ ማሰሮዎቹን አሲድ እየቀየረ ሳለ፣ ፕሮፌሰር ኮርትላንድ ደረጃውን እስከ ግማሽ ወርደው፣ ሳልጠራህ እንዳትወጣ አሉት። ከዚያ በሩ ከውጭ ተቆለፈ። ሳይረስ እዚህ በሠራባቸው ዘጠኝ ዓመታት ያ በር ተቆልፎ አያውቅም።

ከላይ የእንግዳ ኮቴ ተሰማ። ሁለት ሰዎች ናቸው። የአንደኛውን ሳል ያውቀዋል፤ የከተማው ጸጥታ አስከባሪ ሚስተር ቢድል ነው። የሌላውን ድምፅ የሰማው ዛሬ ጠዋት ገበያ ውስጥ ነበር። ፕራውቲ ይሉታል፤ ከሜሪላንድ ነው የመጣው፤ እንጀራው ያመለጡ ባሮችን አድኖ መመለስ ነው።

ሳይረስ የያዘውን ማሰሮ ቀስ አድርጎ አስቀመጠ። አርባ ዓመቱ ነው፤ ከፕሮፌሰሩ የሚያንሰው በሁለት ዓመት ብቻ። አንድም ቀን ባሪያ ሆኖ አያውቅም። እዚሁ ኒው ጀርሲ ውስጥ ከነጻ እናት ነው የተወለደው። ይህን የሚመሰክረው መዝገብ ግን ከቤተ ክርስቲያኑ ጋር ተቃጥሏል። አምና በወጣው ሕግ ደግሞ የተጠረጠረ ሰው ዳኛ ፊት ስለ ራሱ ቃሉን መስጠት አይችልም። የሚናገርለት ነጭ ካላገኘ፣ እጁን ታስሮ በባቡር ወደ ደቡብ ነው።

ሳይረስ እንዲህ ያለ ነጭ የሚያውቀው አንድ ብቻ ነው። እሳቸውም በሩን ቆልፈውበታል።

ፕሮፌሰሩ ሩቅ ያለ ደወል በሽቦ ማስደወልን ከማንም ቀድመው የሠሩ ሰው ናቸው። ከላቦራቶሪው እስከ ቤታቸው ሽቦ ዘርግተው፣ ሲርባቸው ሁለቴ፣ እንግዳ ሲኖራቸው ሦስቴ ለባለቤታቸው ይደውላሉ። አንድ የኒውዮርክ ነጋዴ ሥራው የኔ ነው ብሎ በስሙ ሲያስመዘግብ፣ ዋሽንግተን ወርደው እንዲከራከሩ ሦስት ጊዜ ተጠሩ። አልሄዱም። ኮሌጁ ለመታሰቢያ ብሎ ፎቶ አንሺ ቢልክላቸውም መለሱት። ሰው ሁሉ ትሕትና ነው አለ። ሳይረስም እንደዚያ ይል ነበር። አሁን ግን፣ ለገዛ ስሙ ያልቆመ ሰው ለኔ ይቆማል ወይ፣ ሲል አሰበ።

የፕሮፌሰሩ ተማሪዎች መንገድ ላይ ከሩቅ ይለያሉ፤ ሁሉም ግራ እጃቸውን ኪሳቸው ከተው ነው የሚሄዱት። የመጀመሪያው ትምህርት ይኸው ነው፤ ሽቦ በቀኝ እጅ ብቻ ይነካል፣ ግራው ኪስ ይገባል፣ አለዚያ ኤሌክትሪኩ በልብ በኩል ያልፋል። እሳቸውማ እራት ሲበሉም አይረሱትም እየተባለ ይቀለድባቸዋል። ደንቡ ያልሠራው ለሳይረስ ብቻ ነው፤ ማሰሮ በአንድ እጅ አይነሳም። ሁለቱም እጆቹ እስከ ክርኑ ድረስ አሲድ ያዥጎረጎራቸው ናቸው።

በወለሉ ሳንቃ በኩል ፕራውቲ የፍለጋ ማስታወቂያውን ሲያነብ ይሰማል። የዛሬ ሃያ አራት ዓመት ከጌታው አንጥረኛ ቤት የጠፋ፣ ያኔ አሥራ ስምንት ዓመቱ፣ ማንበብና መጻፍ ተደብቆ የተማረ፣ እጀ ብልህ። እዚህ ላቦራቶሪ ውስጥ እንደሚሠራ ጥቆማ ደርሶናል፣ አለ።

«ምልክቱን እስቲ ይድገሙልኝ» አሉ ፕሮፌሰሩ።

«ግራ የእጅ አንጓው ላይ፣ የፈረስ ጫማ የሚመስል የጋለ ብረት ጠባሳ።»

ከዚያ የደወሉ መጫኛ ቀጭ ቀጭ ሲል ሳይረስ ቆጠረ። አምስት። አምስት ተደውሎ አያውቅም።

ከጣሪያው ሥር ያለችውን መስኮት አያት፤ ድመት እንጂ ሰው አታሳልፍም። አሲድ የሞላ ማሰሮ አነሳ። ቢድል ስድስት ልጆች እንዳሉት ትዝ ሲለው መልሶ አስቀመጠው። ጥቂት ቆይቶ የወይዘሮ ኮርትላንድ ቀሚስ ጫፍ በመስኮቷ በኩል እየሮጠ አለፈ። በእጃቸው የጉዞ ቦርሳ ይዘዋል። ስንቄ መሆኑ ነው፣ አለ ሳይረስ በልቡ።

በሩ ተከፈተና ሁሉም ወረዱ። ፕራውቲ የሳይረስን ግራ እጅ ይዞ ወደ ፋኖሱ ጎተተው።

«ይሄማ ካርታ ነው። የፈለግከው አገር አለበት።»

«የፈረስ ጫማ ግን አይታየኝም» አለ ቢድል።

«አይንህን ጨፈን ብታደርገው ይታይሃል። ዳኛውም እንደዚያው ነው የሚያየው።»

ሳይረስ ወደ ፕሮፌሰሩ ዞረ። «የት እንደተወለድኩ ያውቃሉ።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ይንገሩልኛ።»

«ልድከም ካሉ ለዳኛው ይንገሩት» አለ ፕራውቲ። «ስለ ሠራተኛው የሚምል ፕሮፌሰር በየከተማው ሞልቷል። ዳኛው ጠባሳ እንጂ መሐላ አይጠይቀኝም። ጠባሳ ደግሞ ይዣለሁ፤ የተሻለ ካላችሁ አምጡ።»

የፕሮፌሰሩ ባለቤት ከኋላ መጥተው ካፖርታቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አደረጉላቸው። አይናቸው ቀልቷል፤ ሳይረስን ግን አንዴም አላዩትም።

«ሳይረስ» አሉ ፕሮፌሰሩ፣ እንደ ወትሮው ዝግ ብለው፣ «የማሰሮዎቹን አሲድ ሰኞ ሰኞ መቀየር እንዳይረሳ። ደብተሮቹ መሳቢያው ውስጥ ናቸው። ካንተ በቀር አንብቦ የሚረዳቸው የለም።»

እጁ ሊታሰር ለቀረበ ሰው የሚነገር ነገር ነው? ሳይረስ ፊቱን አዞረ። ከእንግዲህ ፊታቸውንም ማየት አልፈለገም።

ፕራውቲ ሰንሰለቱን ከጎኑ ፈታ።

«በል፣ ግራውን አምጣ» አለ።

ፕሮፌሰሩ ግራ እጃቸውን ከኪሳቸው አወጡና አንጓውን ወደ ፋኖሱ ዘረጉት።