ለጊዜው የታሰረ

ሴትዮዋ የሟች ልጇን የተራራ ብስክሌት እየገፋች ወደ ብስክሌት ጠጋኙ መጣች።

«እህቱ ልትነዳው ነው። እስቲ አንድ በአንድ እይልኝ» አለችው።

ጠጋኙ ቀና ብሎ አላያትም። ካቴናውን በናፍጣ አጥቦ ግሪስ ቀባ፤ የተጣመመውን የፊት ቸርኬ አቃና። ፍሬኑ ጋ ሲደርስ እጁ ቆመ። የፍሬኑ ገመድ ተበጥሶ በሽቦ ተቀጥሏል፤ ሽቦውም ተበጥሷል።

«የጦሳን ቁልቁለት ሲወርድ አልይዝ ብሎት ነው» አለች።

ሽቦውን ፈትቶ ኪሱ ከተተና አዲስ ገመድ አስገባ።

«ምን ነበር እሱ?»

«ለጊዜው ተብሎ የሚታሰር ነው፣ እትዬ።»

ፍሬኑን ጨበጥ ለቀቅ አድርጋ ሞከረችው። ያዘ።

«ተባረክ» አለችው። «ልጄም ካንተ ሌላ ሰው አያስነካውም ነበር።»